ቅይጥ ማር ያለህ!

መርካቶ ውስጥ የሌለ ነገር የለም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ። ጠብ አልፈልግም፤ ቁጭ አድርጌ አንድ ነገር ብቻ ልነግረው ነው። እኔ መርካቶን ከጭድ ተራ እስከ ሶማሌ ተራ በእግሬ አስሼ፣ የጫማዬን ሶል ጨርሼ፣ የፈለግሁትን ሳላገኝ ተመልሻለሁ። የፈለግሁት ደግሞ የአውሮፕላን ሞተር አልነበረም። ስኳር የገባበት ማር ነበር።

አትሳቁ። እናንተ ስለማትፈልጉት ነው ቤታችሁ ድረስ የሚመጣው። እስቲ አንድ ቀን አምርራችሁ ፈልጉት፤ ገበያው በሙሉ ባንድ ጊዜ ጻድቅ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በጎን ደግሞ ሦስተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። «በጎን» የምለው ለክብሬ ነው እንጂ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አብረውኝ የጀመሩት ዶክተር ተብለው፣ ዶክተርነቱም ሰልችቷቸው፣ ቤት ማሻሻጥ ጀምረዋል። የማጠናው ሜታማቴሪያል የሚባል ነገር ነው። እናቴ ሥራዬን ስትጠየቅ «ብርሃን ላይ ነው» ትላለች። የሰፈራችን ሰዎች ቆጣሪ የማነብ ይመስላቸውና መብራት በጠፋ ቁጥር እኔን ይጠሩኛል፤ እኔም መሰላል ይዤ እወጣለሁ፤ ምን ላድርግ?

ለእናንተ በአጭሩ ላስረዳ። በአጭሩ ማስረዳት አለመቻሌ ነው ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ፤ ግን ልሞክር። ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ አንዲት መስታወት አለች። ፊቷ ወርቅ ተቀብቷል። ወርቁ ከመሳሳቱ የተነሣ አንዲት የራስ ፀጉራችሁን ሺህ ቦታ ብትሰነጥቋት ከአንዱ ስንጣሪ ይቀጥናል። ወርቁ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች በሥርዓት ተደርድረዋል። ብርሃን ሲያርፍበት ወርቁ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች አብረው ይወዛወዛሉ። የበዓል ዋዜማ መርካቶ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይገባችኋል፤ ከዚያ ጫፍ አንድ ሰው ሲገፋ እናንተ ከዚህ ጫፍ ሳትፈልጉ ትወዛወዛላችሁ። በዚያ ውዝዋዜ የተነሣ ብርሃኑ በአንድ የታወቀ ማዕዘን ሲመጣ አይመለስም፤ ይዋጣል። መስታወቷ ላይ አንድ ጠብታ የማር ውሃ ካደረጋችሁ ያ ማዕዘን ፈቀቅ ይላል። ንጹህ ማር በራሱ ልክ ፈቀቅ ያደርገዋል፤ ስኳር የገባበት በሌላ ልክ። መስታወቷ ማርን ከማር ትለያለች ማለት ነው።

ጥበቡ ከወርቁ ይልቅ በአደራደሩ ላይ ነው። መርካቶ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ትልልቁን ብርቱካን ከላይ፣ ትንንሹን ከታች ደርድሮ ዓይናችሁን የሚገዛውን ሰው ማን አስተማረው? እኔ ለዚሁ ነገር ስድስት ዓመት ፈጅቻለሁ።

እንዲህ ያለች መስታወት እዚህ አትሠራም። ውጭ አገር ያለ የድሮ ጓደኛዬ ለምኖ፣ አስለምኖ ሦስት ላከልኝ። አንዷ በመንገድ ተሰበረች። ሁለተኛዋን አቧራ ነክቷት ሳያት በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኳት። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ ተማሪዎቼን መነጽራችሁን በልብሳችሁ አትጥረጉ እያልኩ የምቆጣው ሰውዬ። ሦስተኛዋ ብቻ ቀረች። ሐሙስ ዕለት ሦስት መርማሪዎች ፊት በዚህችው በሦስተኛዋ ሠርቼ ካላሳየሁ፣ የተሰጠኝ ጊዜ ስላለቀ እሰናበታለሁ። ስድስት ዓመቴ ጥፍር በምታህል መስታወት ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ የትም አላስቀምጣትም ብዬ በጥጥ ጠቀለልኳትና በክብሪት ቀፎ ከትቼ በደረት ኪሴ ይዣት መዞር ጀመርኩ። ብልሃት መስሎኝ ነው።

ማሩንስ ራስህ ስኳር ጨምረህ አትቀይጠውም ነበር ትሉኛላችሁ። ቀይጬው ነበር። አማካሪዬ ናቸው አይሆንም ያሉት። ራስህ የደበቅከውን ራስህ ብታገኘው ምን ይደንቃል አሉኝ። ነጋዴ የቀየጠውን ከገበያ አምጣ፤ አንድ ብልቃጥ ንጹህ፣ አንድ ብልቃጥ ቅይጥ፤ መርማሪዎቹ ፊት ለይተህ አሳይ። በአፋቸው ሲሉት በጣም ቀላል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ባዶ ብልቃጥ ይዤ ቅቤ ተራ ወረድኩ። የመጀመሪያው ባለሱቅ ጨዋ ሰው ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ጤናውን ጠይቄ፣ ስኳር የገባበት ማር እንዳለው ጠየቅኩት። ፊቱን ብታዩት እናቱን የሰደብኩ ይመስላችኋል። ወላሂ ብሎ ማለ። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ እንደሚባለው የማሩን አገር፣ ቀፎውን፣ አበባውን ዘረዘረልኝ፤ ንቦቹን በስም የሚያውቃቸው ነው የሚመስለው። እኔ መጥፎውን በጥሩው ዋጋ ልገዛ እንደመጣሁ ባስረዳው የባሰ ተቆጣ። መጥፎውን በጥሩው ዋጋ መሸጥ ነውር አይደለም ማለት ነው፤ ነውሩ ገዢው ማወቁ ነው።

ሁለተኛው ባለሱቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ጋ የለም፣ ጎረቤቴን ጠይቀው አለኝ። ጎረቤቱ ጋ ስሄድ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደዚያው መለሰኝ። በመካከላቸው ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ቢያንስ ሁለቱ እንደሚተዋወቁ አረጋግጫለሁ።

ሌላው ደግሞ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከአማኑኤል አልኩት፤ ሰፈሬን መናገሬ ነው። እሱ ግን አንገቱን በሐዘን ነቀነቀና ወንበር አቀረበልኝ። ውሃም አስመጣልኝ፤ የሚደወልለት ቤተሰብ እንዳለኝ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ሁሉ ነጋዴ በእውነት ያዘነልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ቅር አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ወሬው ቀደመኝ። መርካቶ ውስጥ ወሬ ከብርሃን ይፈጥናል፤ ይህን እንደ ፊዚክስ መምህር በኃላፊነት ነው የምናገረው። ቦርሳ አንግቶ ስለ ማር የሚጠይቅ ሰው ማለት ተቆጣጣሪ ማለት ነው። ወደፊት ስራመድ ከፊቴ ያሉት ሱቆች ይዘጋሉ፤ ካለፍኳቸው በኋላ ከኋላዬ ይከፈታሉ። ንጹህ ማር ብቻ የሚሸጥ ሰው ለምን በሩን እንደሚዘጋ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። በመጨረሻ፣ ሳይዘጋ ከቀረው ነጋዴ፣ ከሁሉም አብልጦ ከማለው፣ አንድ ብልቃጥ ገዛሁና «ንጹህ» ብዬ ጻፍኩበት። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚጀመረው። ሁለተኛው ብልቃጥ ባዶውን ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

ደክሞኝ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ገባሁ። እትዬ ዘይነባ የእናቴ የማር ደንበኛ ናቸው፤ እኔ ጡት ሳልጥል ጀምሮ ቤታችን የሌላ ሰው ማር ገብቶ አያውቅም። ጉንፋን ሲይዘኝ የእሳቸው ማር፣ ፈተና ስወድቅ የእሳቸው ማር። እናቴ መማል አትወድም እንጂ ብትምል በእትዬ ዘይነባ ማር ነው። ስለዚህ እሳቸውን ስለ ቅይጥ ማር መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣም። ላርፍ ነው የገባሁት።

«ተቆጣጣሪ ነው እየተባለ የሚዞረው አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ስልክ ተደውሎላቸዋል።

አለመሆኔን እሳቸው ያውቃሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ግን በሩን ሞልተው ቆመዋል። ከፊት የቆመው ከድር የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ምላሱ ፈጣን፣ ዓይኑ ከምላሱ የፈጠነ። መምህር እንጂ ተቆጣጣሪ አለመሆኔን እንዴት ላሳምነው? የክብሪት ቀፎዬን አወጣሁ። ይህች መስታወት ፊቷ ንጹህ ወርቅ ነው፣ ማርን ከማር የምትለየው እሷ ናት አልኳቸው።

ከድር ጠርዟን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ወርቅ ከመጠን በላይ ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋል፤ የሚያሳልፈው ብርሃን ደግሞ አረንጓዴ ነው። ከፊት ስታዩት ቢጫ፣ ወደ ፀሐይ ስታነሡት የጠርሙስ ስባሪ። የተፈጥሮ ሕግ ነው። ከድር ግን የሚተዳደረው ያልጠረጠረ ተመነጠረ በሚለው ሕግ ነው።

«ወንድሜ፣ ተበልተሃል» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። መርካቶ ውስጥ ሌባ መባል ይሻላል፤ ሌባ ቢያንስ ነቄ ነው። የተበላ ሰው ግን ፋራ ነው፤ ለፋራ ደግሞ ይግባኝ የለም። እዚህ ላይ ቀፎዬን ዘግቼ፣ ፈገግ ብዬ፣ ደህና ዋሉ ብዬ ብወጣ ኖሮ ዛሬ ዶክተር ትሉኝ ነበር። አልወጣሁም። ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ነገር ሰው ጠርሙስ ሲለው ዝም ማለት አቃተኝ። እትዬ ዘይነባ ሊገላግሉን ገቡ። ከመንገዱ ማዶ ጋሼ ይማም የሚባሉ አንጥረኛ አሉ፤ በወርቅ ነገር የእሳቸው ቃል ይጸናል አሉ። እንሂድ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሕዝቡን ከፊት ሆኜ እየመራሁ መንገዱን ተሻገርኩ።

ጋሼ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፤ እርጋታቸው ሌላውንም ያረጋጋል። ባንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ አጥልቀው ጉትቻ ይሠራሉ። ነገሩን ሰሙ፤ መስታወቷን ከእጄ ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። እውነተኛ ወርቅ መሆኑን ለዚህ ሰው ይንገሩልኝ አልኳቸው። እሺ አሉ። ንግግራችን ይኸው ነው። እንዴት አድርገው እንደሚያውቁ አልጠየቅኩም። ስድስት ዓመት ወርቅ አጥንቼ አንጥረኛ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር።

ደግሞም በዚያችው ደቂቃ ከድር ጠየቀኝ። እሺ ወርቅስ ትሁን፣ ምን ታደርጋለች አለ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ዞርኩ። ጀርባዬን ለአንጥረኛው፣ ፊቴን ለሕዝቡ ሰጥቼ ማስተማር ጀመርኩ። ቃል ስላልበቃኝ ከድርን፣ ሁለት ሸማቾችንና አንድ ተሸካሚ ትከሻ ለትከሻ አሰለፍኳቸውና ኤሌክትሮን ናችሁ አልኳቸው። ተሸካሚው ኤሌክትሮን የሆነው ጆንያውን ሳያወርድ ነው። እኔ ብርሃን ሆኜ ከድርን ገፋ ሳደርገው ሁሉም ተወዛወዙ፤ ጆንያውም ተወዛወዘ። ደስታዬ ሲበዛ ከርዕሴ ወጣሁ። በዚሁ ጥበብ ብርሃንን በአንድ ዕቃ ዙሪያ አጣምሞ ማሳለፍ፣ ዕቃውንም ከዓይን መሰወር የሚያጠኑ ሰዎች አሉ አልኩ። ከድር ጉሮሮውን ጠረገና አንድ ኮንቴይነር ጨርቅ ሊሰወር ይችል እንደሆነ፣ በተለይም ቁጥጥር በሚመጣባቸው ቀናት፣ በአክብሮት ጠየቀኝ። ለጊዜው ከአቧራ የሚበልጥ ነገር መሰወር እንደማይቻል ነገርኩት፤ ሳይንስ ላይ የነበረው እምነት ፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

በዚህ ሁሉ መሀል ከኋላዬ ፍግፍግ የሚል ድምፅ ሰምቼ ነበር። መርካቶ ውስጥ ድምፅ አይጠፋም ብዬ ተውኩት።

ስዞር ጋሼ ይማም ፊት ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። አንጥረኛ ወርቅን በዚያ ድንጋይ ላይ ያሸዋል፤ ድንጋዩ ላይ የተወውን መስመር አሲድ ጠብ ያደርግበታል፤ መስመሩ ከጠፋ ውሸት ነው፣ ከቀረ ወርቅ ነው። ከአባታቸው የተማሩት ሙያ ነው፤ በዚህ የተጎዳ ቀለበትም ሆነ ሐብል የለም። የእኔ መስታወት ግን አንድ ጊዜ ስትታሽ ምንም አልተወችም። ደገሙ። ሠለሱ። በአራተኛው ጫን አሉ።

«ወርቅ ናት» አሉ ማጉያቸውን ሳያወልቁ። «ሃያ አራት ናት። ምንም አልገባባትም።»

ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ከድር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ለጥቂት ጊዜ ኮራሁ፤ እንዴት እንደታወቀ እስኪገባኝ ድረስ። መስታወቷን ተቀብዬ ወደ ፀሐይ አነሣኋት። አረንጓዴ የለም። ቢጫም የለም። ማዶ ያለው ሕንፃ ላይ የተሰቀለው የብርድ ልብስ ማስታወቂያ በመስታወቷ ውስጥ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ጋሼ ይማም የሆነው ሲገባቸው ከእኔ በላይ ደነገጡ። በዕድሜያቸው ሲታሽ ያለቀ ወርቅ አጋጥሟቸው አያውቅም። አብሽር ልጄ፣ የሠራልህ ሰው ስስታም ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ አሉኝ። ከቀለበት የተረፈች ቁራጭ አለችኝ፣ እኔ ወፈር አድርጌ እቀባልሃለሁ፣ አላስከፍልህም አሉ። ከልባቸው ነው። እሳቸው ወፈር ሲያደርጉት ወርቁ ብርሃኑን እንደ ግንብ ነው የሚመልሰው። አመስግኜ ወጣሁ፤ መንገዱን ተሻገርኩ፤ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ያለው ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለ ልቅሶዬ ብዙ አልናገርም። ጎልማሳ ነኝ፤ ጺም አለኝ፤ ያስተማርኩትን ሰው ቁጥር አላውቀውም። ቢሆንም አለቀስኩ። ተሸካሚው ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ኤሌክትሮን ያልኩት ሰው ነው፤ ቂም አልያዘም።

እትዬ ዘይነባ ለስላሳ ከፍተው ሰጡኝ። ከዚያ ግራና ቀኝ አይተው ጎንበስ አሉ።

«የምትፈልገውን ማር ከእኔ ውሰድ» አሉኝ። «ስኳር አለበት። ለእናትህ እንዳትነግራት።»

ባዶውን ብልቃጥ ወስደው እስከ አፉ ሞሉልኝ፤ ዋጋውን አልተቀበሉኝም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለእናንተ ብቻ ነው የነገርኩት፤ ስማቸውንም ቀይሬዋለሁ። ጠዋት መፈተኛ ይዤ ቅይጥ ማር ያጣሁ ሰውዬ፣ ከሰዓት ቅይጥ ማር ታቅፌ መፈተኛ አጥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ሦስቱ መርማሪዎች ፊት ቀረብኩ። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ባዶዋን መስታወትም ለማስረጃ አቀረብኩ። ሦስቱም ተራ በተራ ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩዋት፤ የተማረ ሰው ባዶ መስታወት ሲያይ ረዥም ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ሰብሳቢው ዓይናቸው ብልቃጦቹ ላይ አረፈ። እኛ ማር አገር ተወልደን ለዚህ ደግሞ ወርቅ ያስፈልገናል እንዴ አሉ። ብልቃጦቹ ላይ የጻፍኩትን በወረቀት ሸፈንኩ፤ ማንኪያ መጣ። ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ስለየአባታቸው ቀፎ ተጨዋወቱ፣ ደግመው ቀመሱ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው። ንጹሁ ይኼ ነው ብለው የእትዬ ዘይነባን ብልቃጥ አነሡ።

ወረቀቱን ስገልጠው «ቅይጥ» ይላል። መሣሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው አልኩ በትሕትና። ከተናገርኳቸው ንግግሮች አጭሩና የተሳካው እሱ ነው። ሰብሳቢው ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ ሌላ መስታወት አስመጥቼ እነዚህኑ ሁለት ብልቃጦች እንድመረምር ሦስት ወር ሰጡኝ። ብልቃጦቹ ታሸጉ፤ ተፈረመባቸው። ከመታሸጋቸው በፊት ግን ሦስቱም ከቅይጡ አንድ አንድ ማንኪያ ደገሙ።

በደስታ እየበረርኩ እትዬ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት፣ ማርዎ ታሽጎ ተቀምጧል፣ ስኳሩ ሲመረመር ዶክተር እሆናለሁ አልኳቸው። ማር የሚሰፍሩበት እጃቸው ቆመ።

«የምን ስኳር?» አሉኝ። «የእኔ ማር ስኳር አያውቅም፣ ወላሂ። እንደዚያ ስታለቅስ አላስቻለኝም፤ ደስ ይበልህ ብዬ ነው እንጂ።»

ዓይናቸውን አየሁ። ለእኔ ብለው ማክሰኞ ዋሹ ወይስ ለራሳቸው ብለው ዛሬ? ስድስት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ለዚህ አልጠቀመኝም። ካመንኳቸው መርማሪዎቹ ልክ ናቸው፤ እኔ ንጹህ ማር ላይ «ቅይጥ» ብዬ ጽፌ ዲግሪ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ካላመንኳቸው ያ ሁሉ ጉንፋኔ የታከመው በስኳር ነው። «ንጹህ» ያልኩት ብልቃጥስ ቢሆን ከአንድ ነጋዴ መሐላ ሌላ ምን ማስረጃ አለው?

አዲሷ መስታወት ደርሳለች። ጓደኛዬ ማሸጊያዋ ላይ በትልልቅ ፊደል «ምንም ነገር ላይ እንዳታሻት» ብሎ ጽፎበታል። መሳቢያዬ ውስጥ ከታሸጉት ብልቃጦች ጎን ተቀምጣለች። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሦስት ወሩ ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። አማካሪዬ በየቀኑ ይደውላሉ፤ እኔም በየቀኑ ብርሃን የሚሰጠኝ ሌዘር እስኪሞቅ እየጠበቅኩ ነው እላቸዋለሁ። ሌዘሩ በሩብ ሰዓት ነው የሚሞቀው።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ከመርካቶ ሁለት ኪሎ ማር ይዛ መጣች። ዘይነባ በጣም ሰላም ብላሃለች፣ ምርመራው መቼ ነው እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ እንዴት እንደምትወድህ አለች። ዳቦ ላይ ቀብታ ሰጠችኝና እንዴት ነው ብላ ፊቴን አየች። በላሁት። ይጣፍጣል። ይህን ያህሉን ያለ መሣሪያ መናገር እችላለሁ።